ሁለተኛ የወጣ ቡድን የት ይሄዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ስታዲየም አካባቢ ባለች ጠባብ አዳራሽ ለፕሮጀክት ልጆች (እግር ኳስ ለሚሰለጥኑ ታዳጊዎች ማለቴ ነው) እና ለወላጆቻቸው ያወራሁትን ጻፈው ጻፈው ስላላችሁኝ ይኸው። ማይኩ ሁለቴ ስለጠፋ ከኋላ የነበራችሁ ግማሹን አልሰማችሁትም። እንዳወራሁት ነው የጻፍኩት፣ ስለ ዳኞች ያልኩትን አንድ ሁለት ቃል ብቻ አውጥቻለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ። እናቶች አባቶች ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆች እናንተን አላመሰግንም፣ ያልመጣ ሰኞ ልምምድ የለውም ተብላችሁ እንደመጣችሁ ሰምቻለሁ።

እኔን አታውቁኝም፣ ልታውቁኝም አትችሉም። ቀኝ ተመላላሽ ተከላካይ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሁለተኛው እርከን ላይ ተጫውቻለሁ፣ ስጀምር ብሔራዊ ሊግ ነበር ሚባለው፣ ወዲያው ከፍተኛ ሊግ ተባለ፣ ከፍ ያለው ስሙ ነው እንጂ አቧራው ያው አቧራ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ አንዴም ወደ ፕሪሚየር ሊግ አላደግኩም፣ አንዴም ወደ አንደኛ ሊግ አልወረድኩም። ለእናቶች ልንገራችሁ፣ አንደኛ ሊግ ማለት ሦስተኛው ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ከፍተኛ ሊግ ነው፣ የሁሉም የበላይ ፕሪሚየር ሊግ ነው፣ ለምን እንደዛ ሆነ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፣ እኔም ሰባት ዓመት ተጫውቼ አልገባኝም።

ሰባት ስል ደግሞ አንዱ አይቆጠርም። 2012 ላይ ኮሮና መጣና ውድድሩ በሙሉ ተሰረዘ፣ ሻምፒዮን የለም፣ ያደገ የለም፣ የወረደ የለም። እኔ ቤተሰቦቼ ጋ አራት ኪሎ ተመለስኩና ብቻዬን ልሩጥ ብዬ በጠዋት ጃንሜዳ ስሄድ ሜዳው ላይ ሽንኩርትና ጎመን ተከምሯል፣ የፒያሳው አትክልት ተራ ያኔ ወደዛ ተዛውሮ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ክሮስ፣ ኳስ ከጥግ ወደ ጎል ማሻገር፣ የተማርኩባት ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ ቲማቲም ዘርግተዋል። "ግዛ እንጂ ምን ያስሮጥሃል" አሉኝ። ሁለት ኪሎ ገዝቼ ተመለስኩ።

በቃ ሲቪዬ ይሄ ነው። ያላደገ ያልወረደ ሰው ስለ ማደግና መውረድ ምን ሊያወራ ነው ካላችሁ፣ የማወራው ስለ መሀሉ ነው። ከመሀሉም ስለ አንድ ቦታ ብቻ፣ ስለ ሁለተኛ።

እዚህ ጋ ልጆቹን ጠየቅኳቸው፣ በፈረንጆቹ 2025 ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ማን ማን ወረደ? አዳራሹ ተናወጠ፣ ሌስተር! ኢፕስዊች! ሳውዝሃምፕተን! እሺ በዛው ዓመት በእኛ ከፍተኛ ሊግ ከየምድቡ ሁለተኛ ማን ወጣ? ጸጥ። አንድ ከፊት የተቀመጠ ልጅ ብቻ "ሁለተኛ ምን ያደርጋል" አለ። ይሄን ልጅ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ያ ሦስት ስም ግን ሳይታለፍ አንድ ነገር እናውጣበት። ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተን ሦስቱም በ2024 ነው ያደጉት፣ በዓመታቸው ሦስቱም ተመልሰው ወረዱ። ከነሱ በፊት በነበረው ዓመትም ያደጉት በርንሌ፣ ሼፊልድ ዩናይትድና ሉተን ነበሩ፣ እነሱም ሦስቱም ወረዱ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ማለት ነው፣ የመጣው ሁሉ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። እዛ አገር በሁለቱ ሊግ መሀል ግድግዳ አለ፣ ግድግዳው ብር ነው።

ወደኛ ስትመጡስ? በእኛ አቆጣጠር ጅማ አባ ጅፋር በ2009 አደገ፣ በ2010 በመጀመሪያ ዓመቱ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በላ። መቐለ በዛው በ2009 አደገ፣ በ2011 ሻምፒዮን። ንግድ ባንክ በ2015 ከከፍተኛ ሊግ መጣ፣ በ2016 ሻምፒዮን። መድን በ2014 መጣ፣ በ2017 ሻምፒዮን። ሰው ሲሰማው ተረት ነው ሚመስለው እኮ፣ ሌስተር በፈረንጆቹ 2014 አድጎ በ2016 ሲያሸንፍ ዓለም በሙሉ ለስንት ዓመት አወራለት፣ እኛ ጋ ግን እንደ ተራ ነገር በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይሆናል፣ ማንም ተገርሞ አያውቅም። አሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌን ብቻ ውሰዱ፣ ጅማን፣ መቐለን፣ መድንን ሦስቱንም ሻምፒዮን ያደረጋቸው እሱ ነው። ሦስት ከታች የመጣ ቡድን፣ ሦስት ዋንጫ። በሌላ አገር ቢሆን ሐውልት ይሰራለታል ልል ነበር፣ ይቅር።

ምክንያቱን እኔ እንደሚመስለኝ ልንገራችሁ። በእኛ ሁለተኛና አንደኛ እርከን መሀል ያለው የኳስ ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ዘንድሮ ከኔ ጋ አንድ ክፍል ያደረ አጥቂ የዛሬ ዓመት በቴሌቪዥን ታዩታላችሁ። ልዩነቱ ኪሱ ነው፣ ያ ኪስ ደግሞ የደጋፊ ኪስ አይደለም፣ አብዛኛው ክለብ የከተማ አስተዳደር ነው ወይ የመንግሥት ድርጅት ነው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሐምሌ ላይ ዘንድሮ እንክፈት ካሉ በአንድ ወር አዲስ ቡድን ይገዛል፣ እንዝጋ ካሉ ደግሞ በአንድ ቀን ይዘጋል። ጅማ ዋንጫውን ባነሳ በአራተኛ ዓመቱ 2014 ላይ ወረደ። ለገጣፎ ለገዳዲ አደገ፣ በዓመቱ ወረደ። ሻሸመኔና ሀምበሪቾም እንደዛው። ንግድ ባንክ ራሱ በ2009 ሲወርድ የወንዶቹ ቡድን ፈርሶ ነበር፣ አሁን የምታዩት ከእንደገና የተሰራ ነው። እንግሊዝ አገር ወረደ ማለት ወረደ ማለት ነው፣ እኛ ጋ ወረደ ማለት አንዳንዴ ሞተ ማለት ነው።

እና ውድድሩ ሚያልቀው መቼ ነው? ሰኔ አካባቢ። የመንግሥት በጀት ሚጀምረውስ? ሐምሌ 1። ስለዚህ ያ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰውዬ በጀት ሊቆርጥ ሲቀመጥ ስለ ክለቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፣ አደገ ወይስ አላደገም። ስንተኛ ወጣ ብሎ አይጠይቅም። ቅድም ልጁ እንዳለው ነው፣ ሁለተኛ ምን ያደርጋል።

ከየምድቡ አንደኛ ብቻ ይደግ የሚለው ነገር ሁሌም እንዲህ አልነበረም ግን፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በ2008 ፕሪሚየር ሊጉ ከ14 ወደ 16 ክለብ ሊያድግ ስለነበር አራት ቡድን ነው ያደገው፣ ፋሲል፣ ወልድያ፣ አዲስ አበባ ከተማና ጅማ አባ ቡና። በ2009 ደግሞ ሁለት ምድብ ነበር፣ አንደኞቹ ጅማ አባ ጅፋርና ወልዋሎ ቀጥታ አለፉ፣ ለሦስተኛዋ ቦታ ሁለተኛ የወጡት ሁለቱ እርስ በርስ ተጫወቱ፣ መቐለ በዛች በር ነው የገባው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በ2011 ዋንጫ የበላው መቐለ ከሁለት ዓመት በፊት በምድቡ ሁለተኛ ነበር፣ ያቺ ጨዋታ ባትኖር የለም። በ2010ም እንደዛው፣ ባሕር ዳርና ደቡብ ፖሊስ በቀጥታ፣ ሽረ በሁለተኞች ጨዋታ። ከዛ በ2011 ምድቡ ሦስት ሆነና የየምድቡ አንደኛ ብቻ ያልፋል ተባለ፣ ሰበታ፣ ወልቂጤና ሀዲያ ሆሳዕና አለፉ፣ የሁለተኞች በር ተዘጋ። ለየት ያለ ነገር ሲፈጠር ማሟያ ውድድር ይደረጋል፣ እሱ ሌላ ነው፣ ዓመቱ ሲጀመር የምታውቀው በር አይደለም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ክለቡን አልናገርም፣ ዓመቱንም አልናገርም፣ ብቻ አንደኛ ብቻ በሚያድግበት ዓመት ነው። የከተማ አስተዳደር ቡድን ነበር። 12 ቡድን፣ 22 ጨዋታ። ካምፓችን ከገበያው በላይ ያለ የቀበሌ አዳራሽ የሚመስል ቤት ነው፣ አንድ ክፍል ለስድስት፣ ውሃ በፈረቃ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ በሕይወቴ እንደዛች አንደኛ ዙር ደስ ብሎኝ ተጫውቼ አላውቅም። ምሳ ሰርተው ሚያበሉን ሴትዮ ነበሩ፣ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፣ ስናሸንፍ ሽሮው ላይ ቅቤ ይጨመራል ስንሸነፍ አይጨመርም፣ እኛ ደሞዝ ሳይሆን ቅቤ ነበር የምንከታተለው። አንደኛውን ዙር በአንድ ነጥብ መርተን ጨረስን። ከተማው አበደ። ባጃጅ ሁላ ማሊያ ለብሷል፣ ፀጉር ቤት ብር አይቀበሉኝም ነበር። ከንቲባው ካምፕ መጥቶ ካደግን ምን ምን እንደሚሰጠን ነገረን፣ ዝርዝሩን አሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል፣ መሬት ሁላ ነበረበት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ሁለተኛ ያለው ቡድን አጥቂ ገዛ። አንድ አጥቂ ብቻ። እኛ ሦስት ከሜዳ ውጭ ተሸነፍን፣ አንድ በሜዳችን አቻ፣ እሱ ደግሞ በየጨዋታው ያገባል። ሦስት ጨዋታ ሲቀር በ10 ነጥብ መሩን። ሦስት ጨዋታ 9 ነጥብ ነው፣ ሂሳቡ ሚኒስትሪ ያልተፈተነም ይሰራዋል። ማክሰኞ ነበር ቀኑ። እሮብ ልምምድ ስንወጣ የቡድን መሪው አልመጣም። ሐሙስ የልምምድ አውቶብስ ነዳጅ የለውም ተባለ። የዛ ወር ደሞዝ አልገባም፣ ከዛ በፊት ያለውም አልገባም ነበር ግን ያኔ ስናድግ ይገባል ይባል ነበር። ልጆቹ ተወክለው ቢሮ ሲሄዱ አንዱ ኃላፊ ምን አላቸው፣ "እናንተ እኮ ጨርሳችኋል"።

ጨርሳችኋል። ሦስት ጨዋታ እኮ ይቀረናል!

ይህቺ ቃል ናት የዛሬውን ንግግር ያመጣችው። ምክንያቱም ሁለተኛ ሆነን፣ ከ12 ቡድን አስሩን በልጠን፣ የጨረስን ነን። ስምንተኛው ግን አልጨረሰም፣ ዘጠነኛው አልጨረሰም፣ አስረኛው ሌሊት አይተኛም፣ ምክንያቱም እነሱ ሊወርዱ ይችላሉ። እና እነዚህ የማይተኙት ከኛ ከተኛነው ጋር ነው ጨዋታ የቀራቸው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ሚሸተው።

ቀጣዩ ጨዋታችን ከሜዳ ውጭ ነበር፣ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ካለ ቡድን ጋር፣ ዘጠኝ ሰዓት መንገድ በተከራየነው አውቶብስ። የሰፈር ልጅ ነበረኝ እዛ ቡድን ውስጥ፣ አብረን ነው ያደግነው፣ ማታ ሆቴል መጣ። ሻይ አዘዘ። ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ከዛ "ወንድሜ፣ ለእናንተ እኮ ምንም አይደለም" አለኝ። ብር ያለ ሰው አልነበረም፣ እኔ ጋ ቢያንስ። ሌላ ክፍል ምን እንደተባለ አላውቅም፣ ያየሁትን ነው የማወራው። እኔ እሺም እምቢም አላልኩትም። ሻዩን እሱ ከፈለ።

በማግስቱ ገባን። እናንተ ተከላካይ የሆናችሁ ልጆች ይሄን ስሙኝ፣ ጨዋታ መልቀቅ ማለት በራስ ጎል ላይ ማስቆጠር ማለት አይመስላችሁ፣ እሱ የፊልም ነው። 60ኛው ደቂቃ አካባቢ የክንፍ ተጫዋቻቸው ኳስ ይዞ ወደኔ መጣ፣ አለፈኝ፣ ማለፉ ምንም አይደለም ማንም ያልፍሃል፣ ካለፈህ በኋላ ነው ጨዋታው። ሁሌ ዞሬ እሮጣለሁ፣ ባልደርስበትም እሮጣለሁ፣ ትንፋሼን ከሰማ ይደነግጥና ክሮሱን ያበላሻል። ያን ቀን ዞርኩ፣ ሦስት እርምጃ ሄድኩ፣ ቆምኩ። ክሮስ፣ ጭንቅላት፣ ጎል። 1 ለ 0 አለቀ። ማንም ምንም አላለኝም። አሰልጣኙም አላየኝም፣ ስልኩን እያየ ነበር፣ ለከርሞ ሥራ እየፈለገ ይመስለኛል፣ አልፈረድኩበትም።

እነሱ ዳኑ። በአንድ ነጥብ። ከነሱ በአንድ ነጥብ ያነሰው ሌላ ቡድን ወረደ፣ እኛ በሜዳችን ጠዋት ዝናብ ውስጥ አቻ የወጣነው ቡድን ነው፣ ደህና ልጆች ነበሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክለቡ አልተመዘገበም።

(እዚህ ጋ ነው ማይኩ የጠፋው። ያቺን ደቂቃ ዝም ብዬ ቆምኩ።)

እንግሊዞች ይሄን በሽታ ቀድመው ያውቁታል። የሊጋቸው ሁለተኛ ዲቪዚዮን በፈረንጆቹ 1892 ነው የተጀመረው፣ መጀመሪያ ላይ የሚያድገውና የሚወርደው በመለያ ጨዋታ ነበር የሚወሰነው፣ ቴስት ማች ይሉታል። በ1898 አራት ቡድን በትንሽ ምድብ አጫወቱ፣ የመጨረሻው ቀን ስቶክ ከበርንሌ ተገናኘ፣ አቻ ከወጡ ስቶክ ከመውረድ ይድናል፣ በርንሌ ያድጋል። ምን ሆነ ብላችሁ ነው፣ 0 ለ 0! ሰው ተናደደ፣ ሊጉ አፈረ፣ አሰራሩን ጣሉትና ከዛ በኋላ በሰንጠረዥ ደረጃ ቀጥታ ይደግ ይውረድ አሉ። አያችሁ፣ የሰፈሬ ልጅ ሆቴል መጥቶ ያለኝን ነገር እነሱ ከመቶ ዓመት በፊት ብለውታል፣ ያውም ሁለቱም ወገን ተመችቶት።

ከዛ በ1987 ፕሌይኦፍ ብለው መልሰው አመጡት፣ ግን አሁን በምድብ ሳይሆን በጥሎ ማለፍ፣ አንዱ ካላሸነፈ ፍጹም ቅጣት ምት ድረስ ነው፣ ተስማምተን እንውጣ የለም። መጀመሪያ ላይ ከላይኛው ሊግ ታች የጨረሰ ቡድንም ይገባበት ነበር፣ በ1988 ቼልሲ ቀጥታ ከሚወርዱት በላይ ጨርሶ በፕሌይኦፍ በሚድልስብራ ተሸንፎ ወረደ። የቼልሲ ደጋፊዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፒያሳ ኳስ ቤት ውስጥ ይሄን ብትናገሩ ትደበደባላችሁ ግን እውነት ነው።

አሁን ቻምፒየንሺፑ፣ የእንግሊዝ ሁለተኛው እርከን ማለት ነው፣ 24 ቡድን ነው፣ 46 ጨዋታ፣ ሁለቱ ቀጥታ ያልፋሉ፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ቡድኖች ፕሌይኦፍ ይገባሉ፣ በ2022 ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉት ነበሩ። ኖቲንግሃም ፎረስትን ተመልከቱ፣ በ2021 መጀመሪያ ሰባት ጨዋታ ተጫውቶ 1 ነጥብ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ነው፣ አሰልጣኝ ተባረረ። እኛ ጋ ቢሆን በጥቅምት ካምፑ ይዘጋል። እነሱ ግን ስድስተኛም በቂ እንደሆነ ስለሚያውቁ ጨዋታውን ቀጠሉ፣ አራተኛ ጨረሱ፣ በ2022 ዌምብሌ ላይ ሀደርስፊልድን 1 ለ 0 አሸንፈው ከ23 ዓመት በኋላ ተመለሱ። ሉተን ደግሞ አምስተኛው እርከን ላይ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው ደረጃ በደረጃ ወጥቶ በ2023 ኮቨንትሪን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ፕሪሚየር ሊግ የገባው። ፔሊ ሩዶክ ምፓንዙ ሚባል ተጫዋች ነበራቸው፣ ከአምስተኛው ሊግ እስከ ፕሪሚየር ሊግ ከአንድ ክለብ ጋር የወጣ። እኔ ይሄን ልጅ ሳየው ቀናሁ፣ ብሩን አይደለም የቀናሁት፣ አንድ ክለብ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳይፈርስ መጠበቁን ነው። በነገራችን ላይ ሉተን ከዛ በኋላ በሁለት ዓመት ሁለቴ ወርዶ ሦስተኛው እርከን ደርሷል። ግን ስታዲየሙ አለ፣ ደጋፊው አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወታል።

እና እኔ ምለው፣ የሁለተኞችን በር ክፈቱ። ትልቅ ነገር አይደለም የጠየቅኩት። አንደኛው ቀጥታ ይደግ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ሐዋሳም ይሁን ድሬዳዋ አንድ ሜዳ ይሰብሰቡ፣ ጥሎ ማለፍ፣ በአንድ ሳምንት ያልቃል፣ አሁንማ ቡድኖችን አንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት ስንት ዓመት ለምደነዋል። ፕሪሚየር ሊጉ በእኛ ከ2013 ጀምሮ ለአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ሲያገኝ ከታች ያለነው ካሜራ እንኳን አላየንም፣ እስቲ ያቺን አንድ ሳምንት አሳዩ፣ ሰው የሞት ሽረት ጨዋታ ያያል፣ ያልሰማውን ቡድን እንኳን ያያል። ከሁሉም በላይ ግን ሦስት ጨዋታ ሲቀር አምስተኛ ያለው ቡድን ገና ሦስተኛ እወጣለሁ ብሎ ይሮጣል። ያ ቢሮ ያለው ሰውዬም ነዳጅ ይሞላል፣ ለኛ አዝኖ አይደለም፣ ምናልባት ካደጉ ፎቶ ላይ ልኑር ብሎ ነው፣ ይሁን፣ ነዳጁን ይሙላ።

ጥያቄ ሲከፈት አንድ አባት ተነሱ። የስታዲየሙ የደጋፊ መቀመጫ ካታንጋ ላይ ቁጭ ብለው ያደጉ ናቸው፣ ስታዲየሙ ለእድሳት ተዘግቶ ዓመታት ሲቆይ እንኳን ቅዳሜ ቅዳሜ በልማድ እስከ በሩ ድረስ ይመጡ እንደነበር ነገሩኝ። "ልጄ" አሉኝ፣ "በ22 ጨዋታ ያልቻለውን በአንድ ጨዋታ ይለፍ ማለት ፍርድ አይደለም። ሁለተኛው ሦስተኛውን በ15 ነጥብ በልጦ በዛች ጨዋታ ቢሸነፍስ?" ልክ ናቸው። እኔም ሁለተኛ ሆኜ በሦስተኛው ብሸነፍ አለቅስ ነበር። ግን አባባ አልኳቸው፣ ፍርድ ስንል ሰንጠረዡን ብቻ አንየው፣ እኔ ያን ቀን ቆሜ ያስወረድኩት ቡድን ላይ የተፈረደውስ ፍርድ ነው ወይ፣ እነሱ ሳይሰሩ አይደለም የወረዱት፣ እኔ ስራ ስለፈታሁ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ያመኑ አይመስለኝም፣ ሻይ ላይ ቀጠልንበት፣ በእኛ በ1954 ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው እንዳዩ ነግረውኝ እኔም ክርክሩን ተውኩት፣ እሱን ካየ ሰው ጋር ምን ትከራከራለህ።

አንድ እናት ደግሞ "ታዲያ ልጄ ይጫወት ወይስ ይተው" አሉ። ይጫወት፣ ትምህርቱን ይዞ ይጫወት፣ ሲፈርም ውሉን እርስዎም ያንብቡት፣ ደሞዝ በስንት ቀን እንደሚከፈል ተጽፎ ካልሆነ እንዳይፈርም። መሬት እንሰጣለን ካሉት ደግሞ ይደውሉልኝ።

መጨረሻ ላይ ያ ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ልጅ እጁን አወጣ። አስር ወይ አስራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ታኬታው ላይ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፏል።

"ጋሼ፣ ብትሮጥ ትደርስበት ነበር?"

አሰብኩ። እውነቱን ነው ያሰብኩት፣ ልጁ ያን ክንፍ በዓይኔ እንደገና አሳለፈው።

"አልደርስበትም ነበር" አልኩት፣ "ፈጣን ነበር።"

"እና ቢሆንም ትሮጣለህ?"

"ሰኞ ስንት ሰዓት ነው ልምምዳችሁ?" አልኩት። አስራ አንድ ተኩል አለኝ። እመጣለሁ ብያለሁ፣ መሮጫ ጫማ ሚያበድረኝ ካለ አርባ ሁለት ቁጥር ነኝ።